ቁርስ በልተን ግሽ ዓባይ ደረስን፦ የአንድ የውሃና የቅርስ ሥልጠና ግምገማ

በበጋው ወራት፣ በምሠራበት የወረዳ መሥሪያ ቤት በኩል ተመዝግቤ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ባሕር ዳር ላይ ያዘጋጀውን የአምስት ቀን ሥልጠና ተካፍዬ ነበር። ሥልጠናው የውሃ ምሕንድስናን፣ ታሪክን፣ ግብርናንና የማኅበረሰብ ጥናትን አጣምሮ፣ ውሃን ከነቅርሱ አጥንቶ ሳይጎዱ መጠቀም የሚቻልበትን መንገድ ያሳያል ተብሎ የተነገረለት ነው። ለቀጣዩ ዙር ሊመዘገቡ ያሰቡ ባልደረቦች እንዴት እንደ ነበር ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን እንዳለ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በአዳራሽ አለፉ። መምህራኑ በየሙያቸው የበቁ መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን አንዱ ገብቶ የራሱን አስተምሮ ሲወጣ ሌላው ይተካል እንጂ ሁለቱ በአንድ መድረክ ሲነጋገሩ አላየንም። የውሃ ምሕንድስናው መምህር ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ኖሮት እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም እንደማያልፍ፣ ስለዚህም ገባሮቹ የሚያመጡት ደለል በቶሎ እንደሚጎዳው በሚገባ አስረዱን። ከእርሳቸው ቀጥሎ የገቡት የታሪክ መምህር ደግሞ ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770 የዓባይ መነሻ ምንጭ ወደሚገኝበት ግሽ ዓባይ መድረሳቸውን፣ የአገሩ ሰው ግን ከእነርሱ መምጣት በፊት ጀምሮ በምንጩ ሲጠበልበት መኖሩን ተረኩልን። ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ያንኑ ደለል ወደ ጣና ከሚያወርዱት ገባሮች ዋነኛው መሆኑን ግን ሁለቱንም ያዳመጥን እኛ ሠልጣኞች በሻይ ሰዓት ነው ያገናኘነው። በዚያው ሻይ ሰዓት ከደለሉ ይልቅ ስለ አበል የተነጋገርነው እንደሚበልጥ አልክድም።

ረቡዕ ማለዳ ግሽ ዓባይ ወደሚገኝበት ወደ ሰከላ ተጓዝን። ሆቴሉ የጾም ፍርፍር አቅርቦ ስለ ነበር ከአንዲት ባልደረባችን በስተቀር ሁላችንም ቁርሳችንን በልተናል። ግሽ ዓባይ ስንደርስ የመስክ መሪያችን የውሃ መቅጃ ጠርሙሶቹንና መለኪያዎቹን አወጡ፤ በስፍራው የነበሩት አንድ አባት ግን ሰላምታ ከሰጡን በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጆቼ፣ እህል ቀምሳችኋል?» የሚል ሆነ። እህል የቀመሰ ወደ ጠበሉ እንደማይጠጋ ሲነግሩን መሪያችን ይቅርታ ጠይቀው መሣሪያቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾመው እኅታችን ጫማዋን አውልቃ ገብታ በጠርሙሱ ቀድታ አመጣችልን፤ የፍሰቱ ልኬትም ምንጩ ከቅጥሩ ወጥቶ ጅረት ከሆነበት ዝቅ ብሎ ተከናወነ።

ይህ የሥልጠናው ትልቁ ጉድለትም ትልቁ ትምህርትም ነበር። የመርሐ ግብሩ አዘጋጆች የጠበልን ሥርዓት ለሚያውቅ ለማንኛውም የጎጃም ሰው፣ ይልቁንም በዚያው አውቶቡስ ተሳፍረው ለነበሩት ለታሪክ መምህሩ፣ አንድ ጥያቄ ቢያቀርቡ ኖሮ ቁርሱ ወደ ቀትር ይዛወር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አባታችን ጥላ ሥር አስቀምጠውን፣ ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ እንደ ተረከቡ የሚነገረውን ሲያጫውቱን፣ የምሕንድስናው መምህርና የታሪኩ መምህር ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማስታወሻ ይዘዋል። ምንጩን ለዘመናት ከእርሻና ከከብት ያራቀው የሥርዓቱ ክብር እንደ ሆነ ያነሣው ከሠልጣኞች አንዱ ነው።

ሐሙስ የዋልነው መርዓዊ አጠገብ በቆጋ ግድብ ሲሆን ለእኔ ከአምስቱ ቀናት ሁሉ የበለጠው እርሱ ነው። ቆጋ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታሰበ መስኖ ነው። ዋናው ቦይ ሌሊትም ስለሚፈስ፣ ገበሬው ግን ቀን ቀን ስለሚያጠጣ፣ የሌሊቱ ውሃ በመካከል በተሠሩ ኩሬዎች ተጠራቅሞ ያድራል። ይህን በሥዕል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በኩሬው ዳር ቆሜ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ ከግድቡ በፊት ወንዝ ጠልፈው ሲያጠጡ ተራውን የሚመድበው፣ ተራ የሰበረውንም የሚቀጣው የውሃ አባት እንደ ነበር ነገሩን። ከመምህራኑ አንዱ አሁን በማኅበር የሚወጣውን የተራ ሰሌዳ ሲያሳዩአቸው፣ ከላይ ያለው ማሳ ጠጥቶ ሳይጠግብ ከታች ያለው እንደማይደርሰው፣ ሰሌዳውም ይህን እንደማይፈታ በትሕትና ተናገሩ። መስኖ በሚደርሰው መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ለምን ይተከላል ተብለው ሲጠየቁም፣ ጉልበት እንደማይፈልግና በቸገረ ጊዜ ተቆርጦ እንደሚሸጥ መለሱ። ለዚህ ውይይት የተመደበው አርባ ደቂቃ ብቻ መሆኑ ያስቆጫል፤ ከአዳራሹ ሁለት ቀን ግማሹ እዚህ ቢውል ኖሮ ሥልጠናው ስሙን ይመስል ነበር።

የዓርቡ የጢስ ዓባይ ጉብኝት የተቻኮለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት የተሠራው የጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ፣ በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከሐይቁ ቀጥታ ውሃ ወስዶ ወደ በለስ ማሻገሩ፣ ለፏፏቴው የሚቀረውን ውሃ እንዴት እንደ ለወጠው በቆምንበት ተነገረን፤ ኑሮው በፏፏቴው ላይ የተመሠረተውን የጢስ ዓባይ ከተማ ነዋሪ ግን የጠየቀ አልነበረም።

መጓጓዣውና ማደሪያው ደኅና ነበሩ። የተሰጠን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ግን ከእኔ ጋር ለመጡት የቀበሌ የልማት ሠራተኞች አልጠቀመም፤ ቢያንስ የመስኩ ክፍል በአማርኛ ሊታተም ይገባል። ክፍያውን የሸፈነው መሥሪያ ቤታችን ነው፤ ከኪሴ ቢሆን ኖሮ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ ደስ ብሎኝ እከፍል ነበር። ለቀጣዩ ዙር የሚመዘገብ ሰው የረቡዕ ቁርሱን አስቋጥሮ ቢይዝ፣ ለቆጋም ጭቃ የሚችል ጫማ ቢያዘጋጅ መልካም ነው።