ቾር ባዛር ግራሞፎን ልትገዙ ያሰባችሁ፦ ጭንቅላቱን ለልጁ አትስጡት

ለሕክምናም ለዕቃም ሙምባይ የምትመላለሱ ሰዎች፣ ቾር ባዛር በሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ያቺን ውሻ የተለጠፈባት ባለ ናስ ጡሩምባ ግራሞፎን አይታችኋል። ሻጩንም ታውቁታላችሁ፤ ሻይ ያስመጣል፣ «የአያቴ ነበር» ይላል። ሳጥኑም ጡሩምባውም የትናንት ሥራ መሆናቸው ያስታውቃል። እኔ ባየሁት ላይ ዋጋ ያለው ጭንቅላቱ ብቻ ነበር፤ መርፌው የሚሰካበት፣ ሚካ የሚባለው መስታወት መሰል ስስ ማዕድን የተወጠረበት ክቡ ነገር። ኤሌክትሪክ በሌለው ማሽን ድምፅ የሚወለደው እዚያ ነው፦ መርፌው ሚካውን ይነቀንቃል፣ ሚካው አየሩን ይገፋል፣ ጭንቅላቱን የሚሸከመው ባዶ ክንድና ጡሩምባው ቀስ በቀስ እየሰፉ ያወጡታል።

ሲያስሞክረኝ ከእንዲህ ያለ ገላ የማይጠበቅ ድምፅ ሰጠ። ከ1925 እ.ኤ.አ. በፊት ያለ ማይክራፎን የተቀዳ፣ በደቂቃ 78 ዙር የሚዞር ሸክላ ነበር፤ ቤዝ የለውም፣ ቀጭኑ ድምፅም ተቆርጧል፣ ዘፋኙ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል። ከፈልኩ።

ይሄኔ የሱቁ ተላላኪ ልጅ «ሚካው እንዳይሰበር ለብቻው ልጠቅልልልህ» ብሎ ብሎኗን አላላ፣ ጭንቅላቱን ነቀለ፣ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ አለ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ቀና አለና ካርቶኑ ውስጥ ከትቶ በፕላስተር አሸገው። ሆቴል ስፈታው ሌላ ጭንቅላት! በሚካ ፈንታ ዝርግ ስስ ቆርቆሮ፣ ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ ደርቆ የተሰነጣጠቀ። ሸክላ ላይ ሲያርፍ እንደ ድስት ክዳን ይንጣጣል። ይዤው ስመለስ ባለቤቱ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አሮጌ ነገር ድምፁ እንዲህ ነው፤ ለሳሎን ጌጥ አይደል እንዴ የገዛኸው?» አለኝ። ልጁ አፉን ይዞ ይስቃል።

ዓይን ያወጣ ውሸት። የድሮ ድምፅ ይጠባል እንጂ አይንጣጣም። የሚንጣጣው ጎማው ስለደረቀ ወይም ዝርጉ ስለላላ ነው። ክንዱም ሌላ ጉድ ነው፤ በእነዚህ አስመስለው በተሠሩ ማሽኖች ክንዱን ከጡሩምባው የሚያገናኘው የኋላ ክርን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስፋት ያለው የቧንቧ ቁራጭ ነው። መጋጠሚያው አየር ስለሚያሾልክ ያለችውም ትንሽ ወፍራም ድምፅ እዚያው ትቀራለች። ሞላው እየተፈታ «ዱም» ካለ ግን አትደንግጡ፣ ግራሶው ደርቆ ነው፤ ታጥቦ ይታደሳል።

በቃ፣ ጭንቅላቱን ራሳችሁ ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። ሚካ ብርሃን ያሳልፋል፣ ወደ መብራት አዙራችሁ እዩት። የብረት መርፌ ለአንድ ገጽ አንድ ነው፣ ከዚያ ይጣላል። የአማርኛ የ45 ዙር ሸክላዎቻችሁን ደግሞ በጭራሽ እንዳታስነኩት፤ ፕላስቲክ ስለሆኑ በአንድ ዙር ያርሳቸዋል።