ቱርቦ ወይስ ሱፐርቻርጀር? ለአዳማ መኪና የሚሻለው

አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። በፋብሪካ ወረቀቱ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ተራ ሞተር እዚህ የሚሰጠው 82 አካባቢ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። ሁለቱም መሣሪያዎች አየር አምቀው ወደ ሞተሩ በማስገባት ጉድለቱን ይሞላሉ። ቱርቦን የሚያሽከረክረው በጭስ ማውጫ በኩል ሊባክን የነበረው ጭስ ነው፤ ሱፐርቻርጀርን ግን ሞተሩ ራሱ በቺንጋ ያዞረዋል።

ለእኛ አገር ከፍታ ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሱፐርቻርጀር ፍጥነቱ ከሞተሩ ጋር የታሰረ ነው። የሳበውን አየር 1.5 እጥፍ የሚያምቅ ቢሆን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲጨምር አዳማ ላይ 0.41 ብቻ ይጨምራል። አነስ ያለ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ቢገጠምለት በፍጥነት ስለሚዞር ይስተካከላል፤ ነገር ግን አየሩ ይበልጥ ይሞቃል፣ ከሞተሩ የሚወስደውም ጉልበት ይበዛል። ቱርቦ በኮምፒውተር ቁጥጥር ሲሠራ ዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ ቱርቦውን ሳያዞር የሚያልፍበት በር) ዘግቶ ብዙ ጭስ ስለሚያሳልፍለት ይፈጥናል፣ የጎደለውንም ይተካል።

በአንጻሩ ቱርቦ ጭስ እስኪበረታለት ይዘገያል። በባጃጅ መሃል ቆም ሄድ ለሚል የቤንዚን መኪና፣ እግር ሲያርፍ ወዲያው የሚመልሰው ሱፐርቻርጀር ደስ ይላል። ለናፍጣ መኪና ግን ቱርቦ ይምረጡ፤ መለዋወጫውም ባለሙያውም የሚገኘው ለእሱ ነው።

ቱርቦን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነው። ሲገጠም ወደ ካርተር (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) የሚመለሰው የዘይት ቱቦ ሰፊና ሳይታጠፍ ቁልቁል የሚወርድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ዘይቱ ታፍኖ ሰማያዊ ጭስ ያመጣል። በዘይት መግቢያው ላይ ሲሊኮን አይቀባ፣ ቁራጩ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከመጀመሪያው ማስነሳት በፊት ቱርቦው ውስጥ ንጹሕ ዘይት ይጨመር። በፍጥነት መንገዱ ሽቅብ በኃይል ነድተው አዲስ አበባ ሲገቡ ወዲያው አያጥፉ፤ 1 ወይም 2 ደቂቃ በቀስታ ይሥራ። አለዚያ ዘይቱ ኩሽኔታው ላይ ያርራል።

የሱፐርቻርጀር ችግር ቀለል ይላል፦ ቺንጋ መንሸራተት፣ የፑሌጃ አለመስተካከል፣ የራሱ ዘይት ማነስ። ብዙዎቹ የራሳቸው ልዩ ዘይት ስላላቸው የሞተር ዘይት አይጨመርባቸው።

አቧራ ለሁለቱም ጠላት ነው። ክፍት ፊልትሮ አያስገጥሙ፤ ከፊልትሮው በኋላ ያለ የላላ ፋሸታም (የቱቦ ማሰሪያ) አቧራ አስገብቶ ምላጮቹን ያስበላል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው በነዳጅ ማነስ የተጎዳ ሞተር ነው። አየር ጨምሮ ነዳጅ ካልጨመረ የቤንዚን ሞተር ያንኳኳል፣ ፒስተንም ይበሳል። የመጨመቂያ ምጣኔው (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ልክ) 10 ለ 1 ለሆነ ያልተነካ ሞተር ከ0.4 ባር የግፊት ጭማሪ አይለፉ፤ በሙሉ ጭነት የአየርና የነዳጅ ድብልቁ ከ11.5 እስከ 12 ለ 1 መሆኑን ሳያስለኩ ከጋራዥ አይውጡ።

ያገለገለ ቱርቦ ሲገዙ ዘንጉን በጣት ይያዙ። ወደ ጎን ጥቂት መወዝወዝ የተለመደ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወይም ምላጩ ቤቱን የሚነካ ከሆነ ይተዉት።