እዚሁ ብርድ ላይ ያደጉ ቄቦች

ቤቴ መጥቶ እንቁላል ይዞ የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «ቄቦቹን ከማን ነው የገዛሽው?» ይለኛል። በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ሳስረዳ ከርሜያለሁ። አሁን ከገዛኋቸው 14 ወር ሆነ። በውርጩም በክረምቱም አይቻቸዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን በደንብ ልጻፈው።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። በማኅበር ተደራጅተን የሠራናት ቤት 200 ካሬ ላይ ነች። ግማሹን ቤቱ ወስዶታል፤ የቀረው ጓሮ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና አማቴ አለን። ከሦስት ዓመት ወዲህ የምንበላውን ከግቢያችን ለማውጣት እየጣርን ነው። ጤፍና ዘይት እንገዛለን። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና እንቁላል ግን ከገበያ መግዛት ካቆምን ቆየን። ቲማቲም ሞክረን ውርጭ በላው። መንገድ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ነገር ሲጠፋ፣ ጓሮ ወርዶ ጎመን መቀንጠስ እንዴት ያለ እፎይታ መሰላችሁ።

ይህን ጓሮ ያቆሙት ዶሮዎቹ ናቸው። ኩሳቸው ለመደቡ ይሆናል፤ የመደቡ አረም ተመልሶ ለእነሱ ይሆናል። ስለዚህ ቄብ ስንገዛ እንቁላል ብቻ አይደለም የምንገዛው። ቄቦቹ ከሞቱ ጎመኑም ይከሳል።

ይህን በከባዱ ነው የተማርነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ቄብ የገዛሁት ከመኪና ላይ ነው። በየሰፈሩ እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነበር። አንዷን በ200 ብር፣ 15 ገዛሁ። ክትባታቸውን ስጠይቀው «ሁሉንም ጨርሰዋል» አለኝ። ወረቀት አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ያደጉት ቆላ ቀመስ አገር እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። ሌሊቱን እርስ በርስ ተደራርበው ያድሩ ነበር። በሳምንቱ ሁለት ታፍነው አደሩ። በሁለተኛው ሳምንት አረንጓዴ ቅዘን ጀመራቸው። አፋቸውን ከፍተው ያቃስታሉ፤ የአንዳንዶቹ አንገት ተጠማዘዘ። አማቴ ገና ከበሩ ላይ ሆነው እንዳዩአቸው «ልጄ፣ ይሄ ፈንግል ነው» አሉ። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ዶሮ ሲያረቡ ነው የኖሩት። ፈንግል ከገባ መድኃኒት የለውም፤ የሚያድነው አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ብቻ ነው። ከ15ቱ 11 ሞቱ። ትንሿ ልጄ በየማለዳው የሞተውን እየቆጠረች ስታለቅስ የነበረው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሰውየውን ዳግም አላየሁትም።

የተረፉትን አራቱን አስወገድናቸው። ከፈንግል የተረፈች ዶሮ ለአዲሶቹ ልታስተላልፍ ትችላለች ስላሉን ነው። ቦታውን አጥበን ኖራ ረጨንበት፤ ክረምቱን በሙሉ ባዶውን ተውነው።

አሁን ወደምመሰክርላት አሳዳጊ የወሰደችኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት። አሳዳጊዋ እዚሁ ከተማ፣ በራሷ ግቢ ነው የምትሠራው። የአንድ ቀን ጫጩት ታመጣለች፤ 45 ቀን አሳድጋ ትሸጣለች። የምታሳድገው ሳሶ የሚባለውን ነው። ዝርያው የፈረንሳይ ነው፤ ለእንቁላልም ለሥጋም ይሆናል። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በየግቢው ዶሮ የሚያረባው ሰው በዝቷል፤ እንደሷ ያለ አሳዳጊም እንዲሁ።

መጀመሪያ ሄጄ 20 ቄብ ስጠይቃት አልሸጥልሽም አለችኝ። «ቤቱን ሠርተሻል?» አለችኝ። እየሠራን ነው አልኳት። «እህቴ፣ ጨርሰሽ ነይ። ካርቶን ውስጥ አሳድረሻቸው ከሞቱ እኔንም አንቺንም ያሳዝናል።» ገንዘቤን ይዤ ተመለስኩ። ያኔ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ይህቺን ሴት ያመንኳት ያን ቀን ነው። ገንዘብ በእጁ ላይ ተዘርግቶለት አይሆንም የሚል ነጋዴ ስንቱ ነው?

ባለቤቴ በአጣናና በቆርቆሮ 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች ቤት ሠራ። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አደረገው፤ የጠዋት ፀሐይ እንድታገኝ። ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ አደረገላት፤ ወለሏን በሰጋቱራ ጎዘጎዝነው። መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም ቄቦቹን ተረከብን፤ አንዷን በ280 ብር። ከመኪናው ላይ ከገዛኋቸው በ80 ብር ይበልጣል።

ያ 80 ብር የት እንደሄደ ግቢዋን አስጎብኝታኝ አይቻለሁ። ጫጩቶቹን የምታሞቀው በመብራት ብቻ አይደለም። በዙሪያው ጭድ የታጨቀበት የእንጨት ሳጥን አላት፤ ሞግዚት ነው የምትለው። ጫጩቶቹ ሌሊት እዚያ ይገባሉ፤ የራሳቸው የገላ ሙቀት በጭዱ ተይዞ ያሞቃቸዋል። መብራት ሲጠፋ የሌላው ሰው ጫጩት ያልቃል፤ የሷ አይነካም። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ትቀንሳለች፤ ቀን ቀን ነፋስ እንዲነካቸው ታደርጋለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያልፋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውኃ ያረጋል። እዚህ ብርድ ላይ ላባ ያበቀለ ቄብና ሞቃት አገር አድጎ በአንድ ሌሊት መኪና የመጣ ቄብ አንድ አይደሉም። ዘራቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ግን እነዚያ 45 ቀናት ናቸው።

ስትሰጠኝ አንድ ወረቀት አብራ ሰጠችኝ። የማሬክ፣ የፈንግል፣ የጉምቦሮና የፈንጣጣ ክትባት በየትኛው ቀን እንደተሰጠ በእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ሦስት ኪሎ የለመዱትን መኖም ጨመረችልኝ። «በአንድ ቀን አትቀይሪባቸው። በሳምንት ውስጥ እያደባለቅሽ ወደራስሽ መኖ አምጪያቸው» አለች። በካርቶን፣ በባጃጅ ይዤያቸው መጣሁ።

አንዲት በሦስተኛው ቀን ሞተች። ከዚያ በኋላ በበሽታ አንድም አልሞተብኝም። ይህን ስጽፍ ምስጋና ይሰማኛል።

የኛ ጥፋት የመጣው በኅዳር ነው። ብርዱ ሲበረታ አዘንንላቸውና የቤቱን ቀዳዳ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ደፈንነው። በሳምንቱ በሩን ስከፍት ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። ዶሮዎቹም ማስነጠስ ጀመሩ። ደወልኩላት። «ከላይ በኩል ያለውን ክፈቺው» አለችኝ። «ብርዱን ይችሉታል፤ እርጥበቱን አይችሉትም። ነፋሱ በቆጡ ላይ አይምጣባቸው እንጂ ከጣሪያው ሥር መውጫ ይኑረው።» የረጠበውን ጉዝጓዝ አውጥተን በደረቅ ተካነው፤ ከላይ ከፈትነው። በአራት ቀን ማስነጠሱ ቆመ። ከሸጠች ሁለት ወር አልፏት ነበር፤ ግን ስልኳን አነሳች።

የመጀመሪያው እንቁላል የተገኘው በጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ነው። ልጆቹ ከታቦቱ ሽኝት ሲመለሱ አገኙት። ቄቦቹ ያኔ ገና አምስት ወራቸውን አልፈው ነበር። የካቲት ላይ በቀን 10 እንቁላል ደረሰ። ለ16 እንስት ጥሩ ነው። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ60 እንቁላል እምብዛም አታልፍም፤ እነዚህ ያንን በሦስት ወር ገደማ ሞሉት።

ግን የካቲት ማለት ዐቢይ ጾም ማለት ነው። እንቁላሉ በመጣበት ወር ቤቱ ጾመ። ትንሿ ልጄ ብቻ ናት የበላችው። ገበያውም ወደቀ። ለጀማሪ ይህን ማንም አይነግረውም፤ እኔ ልንገራችሁ። ቄብ ስትገዙ ቀኑን ቁጠሩ። በመስከረም መጨረሻ የተገዛ ቄብ እንቁላል የሚያበዛው ጾሙ ሲይዝ ነው። እኛን ያዳነን የከተማው ቅዝቃዜ ነው። ሳናጥብ፣ ሹሉን ወደ ታች አድርገን፣ በቀዝቃዛው ዕቃ ቤት ደረደርናቸው። የመጨረሻዎቹን 20 ቀናት እንቁላል አቆይተን ለፋሲካ ዋዜማ ሸጥነው። ወደ 200 ገደማ ነበር። በዚያ ገንዘብ ለሁለት ወር የሚሆን መኖ ገዛሁ።

መኖው ነው ከባዱ። አንዲት ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች። ለኛ ወደ ሁለት ኪሎ ይሆናል። በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ትንሽ ጨውና የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እያደባለቅን እንሰጣለን። የጎመን ቅጠልና የጓሮ አረም ይቀንስልናል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይተካም። በአረምና በትርፍራፊ ብቻ ልያዛት ያለ ሰው ሳሶ አይግዛ፤ ለሱ የአበሻ ዶሮ ትሻለዋለች። የኖራ ድንጋዩን አንድ ወር ረስቼው ቅርፊቱ እየሳሳ እጄ ላይ ይሰበር ነበር።

በታኅሣሥ እንቁላል እንደሚቀንስ ነግራኝ ነበር። ምክንያቱ ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑ ነው። የምትጥል ዶሮ በቀን ከ14 ሰዓት ያላነሰ ብርሃን ትፈልጋለች። የኛ ቀን በዚህ ወቅት 12 ሰዓት እንኳ አይሞላም። አሁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ አንዲት ትንሽ የሶላር መብራት እናበራላቸዋለን። ዘንድሮ ብርዱ ገብቶም እንቁላሉ በቀን ከ8 አልወረደም።

የፈንግል ክትባቱን በየሦስት ወሩ እኛው እንደግመዋለን። ላሶታ የሚባለው በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ነው። አንዱ ብልቃጥ ከኛ ዶሮዎች እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ አምስት ጎረቤት አዋጥተን በአንድ ጠዋት እንሰጣለን። የቧንቧ ውኃ አይሆንም፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ጎረቤቶቼ በጀሪካን እኔ ዘንድ የሚመጡት ለዚህ ነው። ከቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ ሁለት ሺህ ሊትር በምትይዝ ሮቶ አጠራቅመናል። ሮቶዋን ስንገዛ ለመደቡ ብለን ነበር።

ኩሱን ትኩሱን አትጠቀሙ፤ ሥር ያቃጥላል። እኛ ከጉዝጓዙ ጋር ከምረን፣ እያገላበጥን አራት ወር እናቆየዋለን። አገሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቶሎ አይበስልም። ዘንድሮ የነጭ ሽንኩርቱን ራስ ብታዩት! አማቴ አንዱን አንሥተው መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩት ነበር።

ቅሬታዬንም ልናገር። አንደኛ፣ ወንድና ሴት ለይታ አትሸጥም። ከ20ዎቹ ሦስቱ አውራ ሆኑ። አስቀድማ ነግራኛለች፤ ቢሆንም 840 ብር ነው። ሁለተኛ፣ በቀጠሮዋ አትደርስም። እኔን 12 ቀን አዘግይታኛለች፤ ባለቤቴ ባይታገሥ ኖሮ ወደ መኪናው ልመለስ ነበር። ከ10 በታች ለሚፈልግም አትሸጥም፤ ለጡረተኛ ይህ ከባድ ነው።

የሥጋውም ነገር አለ። ለፋሲካ አንዱን አውራ አረድን፤ ሦስት ኪሎ መዝኗል። ወጡ ቶሎ ደረሰ፤ ከመጠን በላይ ቶሎ። አማቴ 12ቱን ብልት በሥርዓቱ አውጥተው ነበር፤ ሥጋው ግን ድስቱ ውስጥ ከአጥንቱ ተላቀቀ። «ለጥብስ ይሁን፤ ለወጥ የአበሻ ዶሮ ነው» አሉ። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ለገና የሚታረደውን ከገበያ ነው የምንገዛው።

በሐምሌ አንዷን ሽለምጥማጥ በላብን። የሽቦው ጥግ ተከፍቶ ነበር፤ ያ የኛ ነው።

አሁን ለየካቲት ዙር 15 ተመዝግቤያለሁ። አዲሶቹን ከአሮጌዎቹ ጋር አትቀላቅሊ ስላለችኝ ባለቤቴ ሁለተኛ ቤት ጀምሯል። ቆርቆሮው ገና አልተመታም። ትናንት ደውላ «የት ደረሳችሁ?» ብላ ጠይቃዋለች። እናንተም ልትመዘገቡ ካሰባችሁ በቅድሚያ ቤቱን ጨርሱ። ካልጨረሳችሁ እንደኔው ባዶ እጃችሁን ነው የምትመልሳችሁ።