ጎንደር ላይ ኦንላይን ለሚማር፦ የቀጥታ ክፍል ወይስ የተቀዳ ትምህርት?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ብዙ መምህርና ተማሪ ፊቱን ወደ ስልኩ አዞረ። ያኔ የተነሳው ጥያቄ ዛሬም አለ።

የቀጥታ ክፍል ትልቁ ጥቅሙ የመምህሩ መኖር ነው። ያልገባችሁን እዚያው ትጠይቃላችሁ፤ የጓደኛችሁ ጥያቄም ይጠቅማችኋል። ግን አዘዞ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ መብራት ሲጠፋበት ምን ያድርግ? የአንድ ሰዓት የዙም ቪዲዮ ግማሽ ጊጋባይት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበላል። ኔትወርኩ ከተቆራረጠ ደግሞ መምህሩ ቀመሩን ሲያብራራ ግማሹ ያመልጠዋል።

የተቀዳው ይጠብቃል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ዋይፋይ ስታገኙ ታወርዱታላችሁ፣ ማታ ቤት ሆናችሁ ታዩታላችሁ፣ ያልገባችሁን ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ። ድምፁ ብቻ በቴሌግራም ከተላከማ ዳታው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ችግሩ "ነገ አየዋለሁ" ማለቱ ነው። ፋይሉ ይከመራል፣ ፈተናው ይደርሳል።

እኔ የተቀዳውን እመርጣለሁ፤ ግን መምህሩ በየሳምንቱ አጭር ጥያቄ ሰጥቶ መልሱን ካረመ ብቻ። የሚያርመው ሰው የሌለው ተማሪ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ስትመዘገቡ ስለ ቪዲዮው ጥራት ከመጠየቃችሁ በፊት "ጥያቄዬን ማን፣ በስንት ቀን ይመልስልኛል?" በሉ።