ሚኒ ኤልኢዲ ሞኒተሬ ከወራት በኋላ፦ ደስታውም ጣጣውም ከመስታወቱ ጀርባ ነው

ይህን ሞኒተር የገዛሁት ቀን ቀን ልጽፍበት፣ ማታ ማታ ፊልም ላይበት፣ አልፎ አልፎም ፎቶ ላስተካክልበት ብዬ ነው። አብዛኛው ግምገማ የሚጻፈው ካርቶኑ በተከፈተ ሰሞን ነው። ያኔ ሁሉም ስክሪን ያምራል። ጸባዩ የሚታወቀው ከርሞ ነው። እኔ ደግሞ ወራቱን ሙሉ በየቀኑ ከፊቱ ተቀምጬ ነው የከረምኩት።

ዕቃው 27 ኢንች፣ 4ኬ፣ አይፒኤስ ፓነል ነው። ፓነል ምስሉን የሚሠራው የመስታወት ክፍል ነው፤ አይፒኤስ ደግሞ ኤልሲዲ ከሚባለው የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን አንዱ ዓይነት ነው። ከጀርባው በ1152 ዞን የተከፈለ ሚኒ ኤልኢዲ፣ ማለትም የጥቃቅን መብራቶች ንጣፍ፣ አለው፤ ከዚያ ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚለውጥ የኳንተም ዶት ፊልም የሚባል ስስ ሽፋን ተነጥፏል። የብራንዱን ስም አልጠራም። ፓነል የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ዓይነት ፓነል የተለያየ ስም ተለጥፎበት በብዙ ሞኒተሮች ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ስሙን ትተን አሠራሩን እንይ። ከወራት በኋላ የሚያስደስታችሁም የሚያናድዳችሁም እሱ ነው።

ከጥቁሩ ልጀምር። ኤልሲዲ ራሱ ብርሃን አያወጣም። ሥራው ከጀርባ የሚመጣውን ብርሃን ማሳለፍ ወይም መከልከል ነው። ችግሩ ጨርሶ መከልከል አይችልም። ተራ አይፒኤስ ፓነል ላይ ነጩ ከጥቁሩ የሚደምቀው 1000 እጥፍ ገደማ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ስታዩት ግን ጥቁር የተባለው ነገር አመድማ ነው።

የቀድሞው ስክሪኔ ብርሃኑ የሚገባው ከታችኛው ጠርዝ ነበር። ጠርዙ ላይ የተደረደሩ ኤልኢዲዎች ወደ አንድ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ውስጥ ያበራሉ። ፕላስቲኩ ላይ የታተሙ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ብርሃኑን ወደ ፊት ይመልሱታል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ስክሪን እንዲህ እንዲቀጥን ያደረገው አንዱ እሱ ነው። ነገር ግን ከሰማዩ አንዲት ኮከብ ብቻ ብትበራም የጀርባው መብራት በሙሉ መብራት አለበት። በጨለማ ትዕይንት ላይ ማዕዘኖቹ ቢጫ ብርሃን ያፈሱ ነበር። አንዴ ካያችሁት ደግሞ ዓይናችሁ ከዚያ አይነሳም።

አዲሱ ላይ ኤልኢዲዎቹ በሙሉ ከጀርባ ተነጥፈዋል። እያንዳንዱ ዞን ለብቻው ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ ይጠፋል። ሌሊት የተቀረጸ ትዕይንት ሲመጣ ጥቁሩ በእውነት ጥቁር ነው፤ የመኪና መብራቱ ደግሞ ዓይን ያስጨፍናል። ይህ እስከ ዛሬም አልሰለቸኝም። ሞኒተሩን ለፊልም ብቻ የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ ግዛ እለዋለሁ።

አሁን ወደ ጣጣው። 4ኬ ማለት 3840 በ2160 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነው፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ይህን ለ1152 ዞን ስታካፍሉት ለአንድ ዞን 7200 ፒክስል ይደርሰዋል። በዚህ ስክሪን ስፋት አንዱ ዞን በየጎኑ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። ነጭ የማውስ ቀስት ጥቁር ገጽ ላይ ስታሳርፉ ከኋላው ያለው ዞን መብራት ግድ ይለዋል። ቀስቱ የሚይዘው ግን ከ7200ዎቹ ጥቂቶቹን ብቻ ነው። የቀረው ብርሃን በሌሎቹ ፒክስሎች በኩል እየሾለከ በቀስቱ ዙሪያ ጭጋግ ይሠራል። ቀስቱን ቀስ ብላችሁ ስትገፉት ጭጋጉ ከዞን ወደ ዞን ይዘላል፤ ለቅጽበት ዘግይቶም ይደርሳል። ፊት ለፊት ስትቀመጡ ያን ያህል አይታይም። ወደ ጎን ዘንበል ስትሉ ይጎላል።

ፊልም ላይ ጭጋጉ የሚታወቀኝ በጥቁር ላይ ነጭ የግርጌ ጽሑፍ ሲወጣ ነው። የጽሑፉን ቀለም ወደ ግራጫ ሳወርደው ነገሩ በጣም ቀለለ። ጽሑፍ ስሠራ ደግሞ የዞን ማደብዘዣውን ጭራሽ አጠፋዋለሁ። ብዙ መስኮት ከፍቼ ስቀያይር የጀርባው ብርሃን ከፍ ዝቅ እያለ ዓይኔን ያደክመኛል። ሳጠፋው ስክሪኑ ተራ አይፒኤስ ይሆናል፤ ለጽሑፍ ከዚያ በላይ አያስፈልገኝም። ማታ መልሼ አበራዋለሁ። ይህን በአንድ ቁልፍ መቀያየር የማይቻልበት ሞኒተር ካጋጠማችሁ ተዉት። በየቀኑ ሜኑ ውስጥ መግባት ያስመርራል።

ብዙ ሰው "ታዲያ ለምን ኦኤልኢዲ አልገዛህም?" ይለኛል። ኦኤልኢዲ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ያበራል፤ ዞን የለም፣ ጭጋግም የለም። መሠረቱን የጣሉት ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ ናቸው፤ ኮዳክ ውስጥ ሠርተው ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1987 አሳትመዋል። ጥቁሩን በተመለከተ የሚወዳደረው የለም። ይሁንና ኦኤልኢዲው ባበራ ቁጥር ይደክማል። አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚበራ ነገር ካለ ያ ቦታ ቀድሞ ይደክምና ጥላው ይቀራል። የኔ ስክሪን ላይ የታችኛው የፕሮግራሞች መስመር ከጠዋት እስከ ማታ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ኤልሲዲውን መረጥኩ። እስካሁን ምንም ዓይነት የቀረ ጥላ አላየሁም።

ጽሑፉስ? እዚህ ላይ በጣም ረክቻለሁ። 27 ኢንች ላይ 4ኬ ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 163 ፒክስል ይሰለፋል። ለፊደላችን ይህ ቅንጦት አይደለም። "ዲ" እና "ዴ"ን ተመልከቱ። የሚለያዩት በቀኝ እግር ላይ ባለች ጭረትና ቀለበት ብቻ ነው። የ4ኬን ሩብ ፒክስል ብቻ በያዘው በቀድሞው ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ ጽሑፉ አነስ ሲል ቀለበቷ ትደፈንና ጭረት ትመስል ነበር። "ቢ" እና "ቤ"፣ "ሲ" እና "ሴ"ም እንደዚያው። እርማት የሚያርም ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። አሁን ፊደሉን ሳላሳድግ የቀለበቷን ቀዳዳ አያለሁ።

ለዚህ ጥራት መመስገን ያለበት ትራንዚስተሩ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል አለው። ለእያንዳንዱ ክፍል መስታወቱ ላይ የተሠራ አንድ ስስ ትራንዚስተር አለ። በኔ ስክሪን ላይ ወደ 25 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ። ቀድሞ ፒክስሎቹን የሚያዙት የተቆላለፉ የቁመትና የአግድም መስመሮች ብቻ ነበሩ። መስመሩ በበዛ ቁጥር ምስሉ ይፈዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፒተር ብሮዲ እና ባልደረቦቹ ዌስቲንግሃውስ ውስጥ ለየፒክስሉ የራሱን ማብሪያ ማጥፊያ ሰጡት። ያ ባይሆን ዛሬ 4ኬ የሚባል ኤልሲዲ አይኖርም ነበር። ትራንዚስተሩ ግን ራሱ ብርሃን ይጋርዳል፤ ስለዚህ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ውስጥ ሂዴዎ ሆሶኖ እና ቡድኑ ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከዚንክ ኦክሳይድ የሠሩት ትራንዚስተር ትልቅ ነገር የሆነው በዚህ የተነሳ ጭምር ነው። አንሶም ብዙ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ብርሃን ካነሳን ሙቀቱን ልንገራችሁ። ከጀርባ ከሚነሳው ብርሃን ዓይናችሁ ጋ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። ፖላራይዘሩ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ሽፋን፣ ግማሹን ያስቀራል። የቀለም ማጣሪያው ደግሞ ከቀረው ላይ ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ይውጣል። የቀረው ሙቀት ነው። ተራ ሥራ ላይ ሞኒተሬ ለብ ይላል እንጂ አያስቸግርም። ኤችዲአር (ብሩሁን ቦታ በጣም የሚያደምቅ) ፊልም ሲሄድ ግን ከላይ ያለው መተንፈሻ ላይ እጄን ሳስጠጋ ግለቱ ይሰማኛል። ከግድግዳ ራቅ አድርጌ ያስቀመጥኩት ለዚያ ነው። ማራገቢያ የለውም፤ በዝምታው ደስ ይለኛል። ሲገዙ ይህን ማጣራት አይከፋም፤ ማራገቢያ ያላቸው አሉ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ድምፃቸው ይሰማል።

ቀለሙን በአጭሩ፦ ግሩም ነው። የጀርባው ኤልኢዲ ሰማያዊ ነው። የሰማያዊ ኤልኢዲ ፈልሳፊዎች አካሳኪ፣ አማኖ እና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የወሰዱበት ግኝት ነው። ከሰማያዊው ላይ የኳንተም ዶት ፊልሙ ከፊሉን ወደ ጥርት ያለ ቀይና አረንጓዴ ይለውጠዋል። ዶቶቹ የናኖ ሜትር ቅንጣቶች ናቸው፤ ትንንሾቹ አረንጓዴ፣ ተለቅ ያሉት ቀይ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ለባዌንዲ፣ ለብሩስ እና ለኤኪሞቭ የተሰጠው ለእነዚህ ነው። ፎቶ ሳስተካክል ልዩነቱን የማየው ቀይ ላይ ነው። ድሮ ወደ ብርቱካን ያዘነብል የነበረው ቀይ አሁን ቀይ ነው። አንድ የምከታተለው ነገር አለ። ቅንጣቶቹ እርጥበትና ኦክስጅን አይወዱም። ስለዚህ ፊልሙ በሁለት መከላከያ ፕላስቲኮች መካከል ይታሸጋል። የተቆረጠው ጠርዝ ግን ተጋልጦ ይቀራል። ጠርዙ ከተበላ ዳር ዳሩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። በየጊዜው ነጭ ገጽ ከፍቼ አያለሁ፤ እስካሁን ንጹሕ ነው።

ማዕዘኖቹም ንጹሕ ናቸው፤ ይህ ያልጠበቅኩት ደስታ ነው። ኤልሲዲ በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል የታሸገ ፈሳሽ ክሪስታል ነው። በመስታወቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 እስከ 4 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ይህ ክፍተት ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልሆነ ምስሉ ይዥጎረጎራል። ኤልሲዲን በጣት ስትጫኑት ቀለሙ የሚሞገደው ክፍተቱ ስለሚጠብ ነው።

ድሮ ክፍተቱን የሚጠብቁት መስታወቱ ላይ የሚረጩ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች ነበሩ። ባረፉበት ይቀራሉ። ፒክስል መሃል ያረፈው እንክብል በዙሪያው ብርሃን ያሾልካል። በኋላ እንክብሎቹ ቀሩና መስታወቱ ላይ ራሱ ጥቃቅን ምሰሶዎች መቆም ጀመሩ። ምሰሶዎቹ የሚቆሙት በፒክስሎች መካከል ባለው ጥቁር መስመር ሥር ነው። ስለዚህ አይታዩም፣ ቦታቸውንም አይለቁም። ፈሳሹ የሚገባበት መንገድም ተለውጧል። ቀድሞ መስታወቶቹ ከተጣበቁ በኋላ አየሩ ይመጠጥና ፈሳሹ በአንዲት ቀዳዳ ቀስ እያለ ይሳብ ነበር። ለትልቅ ስክሪን ይህ ቀናት ሊፈጅ ይችል ነበር። አሁን ፈሳሹ ተለክቶ አንዱ መስታወት ላይ ይንጠባጠባል፤ ሌላው መስታወት አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ይከደንበታል። ትልልቅ ስክሪኖች እንዲህ የተትረፈረፉት በእንደዚህ ዓይነት፣ ማንም ስሙን በማይጠራው ፈጠራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙሉ ግራጫ ገጽ ስከፍት ግራ ጠርዝ ላይ ብቻ ትንሽ የጠቆረ መስመር አያለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ፣ አልጨመረም። ሥራ ላይ ፈጽሞ አይታወቅም።

ያልወደድኩት የፊቱን ሽፋን ነው። ነጸብራቅ እንዳይኖር ላዩ ሻካራ ተደርጓል። መስኮት ከኋላዬ ሲሆን ይጠቅመኛል። ነጭ ገጽ ላይ ቀረብ ብዬ ሳነብ ግን ነጩ ጥቃቅን አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ጭንቅላቴን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ያብለጨልጫል። ፒክስሉ ባነሰ መጠን የሽፋኑ ሻካራነትም መርቀቅ ነበረበት። እዚህ ላይ አምራቹ ቸኩሏል።

በመጨረሻ ክፈፉ። ከላይና ከሁለቱ ጎኖች በጣም ቀጭን ነው፤ ከታች ግን ወፈር ይላል። ምክንያት አለው። የአግድም ረድፎቹን የሚያዘው ሰርኪት አሁን መስታወቱ ላይ ራሱ፣ ከፒክስሎቹ ትራንዚስተሮች ጋር አብሮ ይሠራል። ስለዚህ ጎኑ ላይ ቺፕ መለጠፍ ቀርቷል። የቁመት መስመሮቹን የሚያዙት ቺፖች ግን አሁንም በስስ ሪባኖች ላይ ተቀምጠው ከታችኛው ጠርዝ ጋር ይጣበቃሉ። ማጣበቂያው ልዩ ሙጫ ነው። ውስጡ ጥቃቅን ብረት ለበስ ቅንጣቶች አሉ፤ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው፣ ወደ ጎን አያሳልፍም። በዚህ መላ በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ሳይነካኩ በአንዴ ይገናኛሉ።

የቀድሞው ስክሪኔ የሞተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን መስመር ብቅ አለ። ቆይቶ ሌላ ተጨመረ። ጥገና ቤት ስወስደው ሙጫው እንደለቀቀና ፓነሉ ሙሉ በሙሉ መቀየር እንዳለበት ነገሩኝ፤ ያ ደግሞ አዲስ ከመግዛት አይሻልም ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ዕቃ በአንዲት ስስ ሙጫ ምክንያት መጣሉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አዲሱም የተሠራው በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ ስታጸዱት ፈሳሽ በቀጥታ አትርጩበት። ጠብታው በመስታወቱ ላይ ወርዶ ከታችኛው ክፈፍ ኋላ ወዳሉት ሪባኖች ይገባል። ለስላሳ ጨርቅ በጣም ትንሽ አርጥቡና ስክሪኑ ጠፍቶ ሲበርድ፣ ሳትጫኑ፣ ወደ ጎን ጥረጉት።