ያለ አሳማ አንድ ሆት ብራውን

ሳህኑ እየተንተከተከ ነው የመጣው። ሸክላ ላይ እየፈላ እንደሚቀርብ ተጋቢኖ። አስተናጋጁ "ሳህኑ ያቃጥላል" ብሎ ሳይጨርስ አጎቴ ነኩት።

ያለነው ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ከተማ፣ ብራውን ሆቴል ውስጥ ነው። ቅዳሜ በሌሊት ከኮሎምበስ ኦሃዮ ተነስተን፣ የቡርቦን ዊስኪ ፋብሪካዎችን ስንዞር ውለን አድረን፣ እሁድ ምሳ ላይ እዚህ ደረስን። ሦስት ነን። እኔ፣ አልኮል የማትቀምሰውና መኪናውን የነዳችው ባለቤቴ፣ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን የመጡት አጎቴ። አጎቴ እናታቸው አረቄ አውጥተው ነው ያሳደጓቸው። ከሳቸው የተሻለ አስጎብኚ ከየት ይመጣል?

ያዘዝነው ሆት ብራውን ይባላል። በ1926 ፍሬድ ሽሚት የሚባል የዚሁ ሆቴል ሼፍ ነው የፈጠረው። ያኔ ሆቴሉ ማታ ማታ የዳንስ ግብዣ ነበረው፤ ከ1,200 በላይ ሰው ይመጣል። ሌሊት ላይ ጨፋሪው ይርበዋል፤ እንቁላል በአሳማ ደግሞ ሰልችቶታል። ሼፉ ወፍራም ዳቦ ላይ ተርኪ የሚባል ትልቅ የዶሮ ዘመድ ሥጋ ደረበ፣ ክሬምና ፔኮሪኖ የሚባል የበግ አይብ ያለበት ሶስ አፈሰሰበት፣ እሳት ውስጥ ከቶ ላዩን ጠበሰው። ቲማቲም ጎኑ ላይ፣ ቤከን ከላይ።

ችግሩ ቤከኑ ነው። እኛ አሳማ አንበላም። "ያለ ቤከን ይሆናል?" ስንል አስተናጋጁ ቅር አላለውም፤ ያለ ቤከን መጣልን። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅዳሜ ማታ ባርድስታውን አካባቢ፣ ስሟን በማልጠራት ምግብ ቤት፣ ጥብስ ዶሮ በፎሶሊያና በጎመን አዘን ነበር። ዶሮው ግሩም ነው። ፎሶሊያው ውስጥ ግን ባለቤቴ ሮዝ ቁራጭ አገኘች። ጎመኑም እንደዚያው። አስተናጋጇን ስንጠይቃት "ለጣዕም ያህል ነው እንጂ ሥጋ አይባልም" አለችን። በአሜሪካ ደቡብ አትክልት በአሳማ መቀቀል የቆየ ልማድ ነው፤ ሜኑው ላይ ላይጻፍ ይችላል። ስለዚህ ጎመን ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ጠይቁ። አጎቴ ያን ማታ በዳቦና በዶሮ አደሩ።

ወደ ሆት ብራውኑ ልመለስ። ላዩ ላይ ቀይ ዱቄት ተነስንሷል። አጎቴ በርበሬ መስሏቸው ደስ አላቸው። ፓፕሪካ ነው፤ አያቃጥልም። ወዲያው ከደረት ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለች ሚጥሚጣ ወጣች። ለወጉ ተቆጣሁ። ከዚያ እኔም ነሰነስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክሬሙ ከባድ ነው፤ ሦስተኛ ጉርሻ ላይ የሚቆርጠው ነገር ይፈልጋል። ቲማቲሙ ትንሽ ይረዳል፤ ሚጥሚጣው ጨረሰው። ተርኪው አልደረቀም። ሶሱን የጠጣው ዳቦ ደግሞ ከታች የቀረ የዶሮ ወጥ እንጀራ ይመስላል። ምርጡ እሱ ነው።

ከምግቡ ጋር አንድ አንድ ቡርቦን ያዝን፤ ያለ በረዶ። ያለፈውን ቀን ባናየው ኖሮ ዝም ብለን እንጠጣው ነበር።

ቅዳሜ ሎሬቶ በምትባል ትንሽ መንደር ሜከርስ ማርክ የሚባለውን የቡርቦን ፋብሪካ ጎበኘን። ድፍድፉ ያለበት ክፍል ስንገባ አጎቴ ቆም አሉና በረጅሙ አሸተቱ። "የእናቴ ቤት!" አሉ። በቆሎ፣ ስንዴ፣ ብቅል። ጌሾ ብቻ ነው የቀረው። ቡርቦን ለመባል ቢያንስ 51 በመቶው እህል በቆሎ መሆን አለበት፤ ሌሎቹ ብዙ ጊዜ ራይ የሚባል እህል ይጨምራሉ፣ እነዚህ ግን በስንዴ ይተኩታል። አንዴ ተነጥሮ የወጣው እንደገና ይነጠራል። "ዳግም ነዋ!" አሉ አጎቴ። አረቄው ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው አተላም ቀንሰው አዲሱ ድፍድፍ ላይ ይጨምራሉ፤ አሲዱ ባክቴሪያውን እንዲያሸንፍ።

በርሜሉ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ተለየ። አንዱ 200 ሊትር ያህል ይይዛል። አዲስ የኦክ እንጨት ነው፣ ውስጡ በእሳት ተለብልቦ ከስሏል። "ጋን ማጠን ነው" አሉ፤ የወይራ ጭስ ትዝ ብሏቸው መሆን አለበት። ቀለሙም ጣዕሙም በአብዛኛው ከዚያ ከከሰለ እንጨት ነው የሚመጣው፤ ሲወጣ እንደኛው አረቄ እንደ ውሃ ነጭ ነበር። በርሜሉን ለቡርቦን ሁለተኛ አይጠቀሙበትም፤ ብዙው ስኮትላንድ ሄዶ የነሱን ዊስኪ ያስረጃል።

ዓመታት ሲቆይ ከበርሜሉ እየተነነ የሚጠፋውን "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። ተረጎምኩላቸው። "የመላእክት? የአጋንንት ነው እንጂ!" አሉ። አስጎብኚዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ዞር አልኩ። ያ ትነት የመጋዘኑን ግድግዳና የአካባቢውን ዛፍ ጥላሸት የቀባ ያስመስለዋል። የሚያጠቁረው በአልኮል ትነት የሚኖር ሻጋታ ነው።

የጠርሙሱን አፍ ቀይ ሰም ውስጥ ራሳችሁ መንከር ትችላላችሁ። አጎቴ ሽርጥ ታጥቀው ነከሩ። ሰሙ እስከ ጠርሙሱ ወገብ ወርዷል። "ይሄ ደብረ ብርሃን ነው የሚከፈተው" ብለዋል፤ እስካሁን ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ሆቴሉ ርካሽ አይደለም። ሎቢው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩት። አንድ ሆት ብራውን ለሁለት ሰው ይበቃል። እኛ ሳናውቅ ሦስት አዘን ግማሹን በካርቶን ይዘን ወጣን። ሲንሲናቲ ሳንደርስ ከኋላ ወንበር ካርቶኑ ሲከፈት ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ሚጥሚጣው ሸተተን።