እዚያው ሆኖ «አይሆንም» ማለት ወይስ ጥሎ መውጣት?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ቡና ላይ ፖለቲካ ከተነሳ ይህ ክርክር አይቀርም። ለዘብተኛ ፖለቲከኛ ከፓርቲው ጋር ካልተስማማ እዚያው ሆኖ ይሟገት ወይስ ጥሎ ይውጣ? አሜሪካኖች ሁለቱንም ሞክረውታል።

የሪፐብሊካን ፓርቲ ሴናተር የነበረው ጆን ማኬይን የመጀመሪያውን መረጠ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2017 ሪፐብሊካኖች የኦባማን የጤና መድን ሕግ ሊሽሩ ሲሉ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ፊት ወጣና እጁን ዘረጋ። ከዚያ አውራ ጣቱን ወደ ታች! የፓርቲው ሴናተሮች ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪም አብረውት «አይሆንም» አሉ። ረቂቁ በሴኔቱ፣ ማለትም በላይኛው ምክር ቤት፣ 49 ለ51 ወደቀ። ሦስቱም ግን ፓርቲያቸውን አልለቀቁም። መርካውስኪማ እ.ኤ.አ. በ2010 በፓርቲዋ የማጣሪያ ምርጫ ተሸንፋ፣ የአላስካ መራጮች ስሟን በእጃቸው ጽፈው መልሰዋታል። ወድጄላታለሁ።

ሌላው ሪፐብሊካን ሴናተር ጄምስ ጄፈርድስ ግን ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሴኔቱ 50 ለ50 ተከፍሎ ሳለ ሪፐብሊካንን ለቆ ከዴሞክራቶች ጎን ቆመ። በአንድ ሰው ውሳኔ አብላጫው ተገለበጠ። ጉልበቱ ትልቅ ነው። ግን የፓርቲውን ስም አይቶ የመረጠው ሰውስ?

እኔ የማኬይን መንገድ ይሻለኛል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል። ስለዚህ የድሬ ተመራጭ ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲናገር ፓርቲው «ተው» ቢለው፣ መውጣት ሳያስፈልገው ይህን አንቀጽ ይዞ መሟገት ይችላል። እንቢ ካሉትና ከወጣ ደግሞ፣ መጀመሪያ ድሬ መጥቶ ለመረጡት ያስረዳ።